የአባዬን እጅ ላሠራችልን ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ስሟን ጠርቼ ላመስግናት ብዬ ብጠይቃት «ስሜን ተዪው፣ ይልቅ ሥራው ምን እንደሆነ ንገሪያቸው» አለችኝ፣ እሺ ብያታለሁ። ስሟን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት እሰጣችኋለሁ።

አባዬ ስትሮክ ከመታው በኋላ እግሩ ቶሎ ተመለሰ፣ ግራ እጁ ግን እምቢ አለ። ክርኑ እንደታጠፈ፣ ጣቶቹ እንደተጨበጡ ወራት አለፉ፣ የሚያየው ሰው ሁሉ ደሞ «ስድስት ወር ካለፈ በቃ፣ ከዚህ በላይ አይመጣም» ይለናል። እኔ አንጎልን በኤሌክትሪክ በማነቃቃት እጅ ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ ቪዲዮ አይቼ ልቤ ተሰቅሏል፣ እውነቱን ለመናገር እሷ ጋ የሄድነው ማሽኑን ፍለጋ ነው።

እሷ ግን ማሽኑን ከማውጣቷ በፊት ጥያቄ ጀመረች። የሚጥል በሽታ ኖሮት ያውቃል? ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት አለ? የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ፔስሜከርስ? የራስ ቆዳው ላይ ቁስል አለ? ምን ምን መድኃኒት ይወስዳል? ከነርቭ ሐኪሙም (ኒውሮሎጂስቱ) ማረጋገጫ ፈለገች። ከዛ እጁን ለካች፣ ፉግል ሜየር የሚባል ከ66 ነጥብ የሚታረም ምዘና አለ፣ ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ ጣት እያለች አንድ በአንድ አየችው። «ካልለካሁት ለውጥ መጣ ብዬ ልዋሽዎት ነው ጋሼ» ስትለው አባዬ ሳቀ፣ ከዛች ቀን ጀምሮ ወዷታል።

ማሽኑ ራሱ ስታዩት ትንሽዬ ነገር ነው። በጨው ውሃ የራሱ ሁለት ስፖንጆች አሉት፣ አንዱ በተጎዳው የአንጎል ጎን እጅን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ባለበት አናቱ ላይ፣ ሌላው በተቃራኒው ግንባሩ ላይ ይታሰራል። 2 ሚሊ አምፔር ነው፣ ለ20 ደቂቃ። መጀመሪያ ላይ ያሳክከዋል፣ ትንሽ ይቆጠቁጠዋል፣ ከዛ ይረሳዋል። ይሄ የኤሌክትሪክ ጅረት በራሱ እጅ አያንቀሳቅስም፣ የነርቭ ሴሎቹ በቀላሉ ለመነሳት ዝግጁ እንዲሆኑ ነው የሚያደርገው። «ማሽኑ ማሳውን ያለሰልሳል እንጂ አይዘራም፣ የሚዘራው የእርስዎ እጅ ነው» አለችው። ስለዚህ የማሽኑ መብራት እንደበራ ሥራ ነው፣ ኩባያ መያዝ፣ ማንሳት፣ ማሳለፍ፣ መልቀቅ (መልቀቁ ከመያዙ እንደሚብስ እዛ ነው ያየሁት፣ ጣት መክፈት ለሱ ድንጋይ ማንሳት ነበር)፣ ካርታ መገልበጥ፣ ፎጣ ጠረጴዛ ላይ መግፋት፣ በር እጀታ ማዞር። ወገቡን አጎንብሶ በማጭበርበር እንዳይደርስበት ደረቱን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር በቀበቶ ታስረዋለች፣ ክንዱ ራሱ መዘርጋት አለበት። ማሽኑ ከተነሳም በኋላ ልምምዱ ይቀጥላል።

ደሞ ትቆጥራለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት በተለመደው ሕክምና ላይ ታማሚዎች በአንድ ቀጠሮ እጃቸውን ለሥራ የሚያንቀሳቅሱት በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ መሆኑን አሳይቷል አለችን፣ እንስሳት ላይ አንጎል ሲለወጥ የታየው ግን በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነው። ስለዚህ አባዬ ላቡ ጠብ እስኪል ነው የምታሠራው። ጣቶቹ ትንሽ መከፈት ሲጀምሩ ደግሞ ቤት ውስጥ ደህናው እጁ ላይ ጓንት አስጠለቀችው፣ ደካማው እንዲሠራ። ይሄ የቆየ ዘዴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በ222 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል፣ ግን አንጓና ጣት ትንሽም ቢሆን መቃናት ለሚችል ሰው ነው እንጂ ለሁሉም አይደለም።

በጣም ያከበርኳት ግን ሐቀኝነቷን ነው። ለውጡ ሲመጣ እኔ ማሽኑን ማመስገን ጀመርኩ፣ እሷ ቆይ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር አለችኝ፣ በማግኔት ነው ያነቃቁት፣ 199 ሰው፣ እውነተኛውን ያገኙት 67 በመቶው ሲሻሻሉ የውሸቱን (የሚሠራ መስሎ የማያነቃቃውን) ያገኙት ደሞ 65 በመቶው ተሻሻሉ፣ ሁለቱም ቡድን ግን እጁን በደንብ እያሠራ ነበር። «አባትሽ ላይ የጅረቱ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ የላቡ ስንት እንደሆነ ለይቼ ልነግርሽ አልችልም» አለችኝ። ማሽን ያለው ሰው እንዲህ ብሎ ሲናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም።

ስለ «ስድስት ወር ካለፈ በቃ» ስንጠይቃት ደሞ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 ስለተፈቀደ ሌላ ዘዴ ነገረችን። ደረት ቆዳ ሥር የሚቀበር መሣሪያ ነው፣ ሽቦው ከአንጎል በአንገት በኩል ወደ ደረትና ሆድ ከሚወርደው ቬገስ የሚባል ነርቭ ጋር አንገቱ ላይ ይገናኛል፣ ታማሚው እንቅስቃሴውን ሲሠራ ቴራፒስቱ ቁልፍ ተጭኖ የግማሽ ሰከንድ ምት ይልካል። የተሞከረው 108 ሰው ላይ ነው፣ ስትሮኩ ከያዛቸው ከ9 ወር እስከ 10 ዓመት የሆናቸው፣ ከክሊኒኩ ልምምድ 90 ቀን በኋላ በእውነተኛው 47 በመቶ፣ በውሸቱ 24 በመቶ ለኑሮ የሚጠቅም ለውጥ አግኝተዋል። ኦፕሬሽን ስለሆነ ለኛ አልመከረችም፣ ግን አባዬ «10 ዓመት» የሚለውን ሲሰማ ቀና አለ።

አሁን እጅጌ ውስጥ ክንዱን ራሱ ያስገባል፣ በቀኙ ሲጽፍ ወረቀቱን በግራው ይይዛል፣ በር ይከፍታል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ገና ነው፣ ሲደክመው ጣቱ ተመልሶ ይጨበጣል፣ ትከሻውም አንዳንዴ ያመዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እሷ ጋ ከመሄዳችን በፊት ሌላ ቦታ ማሽኑን አስረውለት ስልካቸውን ሊያወሩ ሲወጡ አይተናል። እንደዛ የሚያደርግ ከገጠማችሁ እጁን ማን ነው የሚያሠራው ብላችሁ ጠይቁ። ከኦንላይን ገዝታችሁ ቤት ውስጥ በራሳችሁ መሞከርም ይቅርባችሁ።

እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽው፣ ከልባችን እናመሰግንሻለን፣ አባዬም «ጓንቱን አውልቂልኝ በያት» ብሏል። እሷ ጋ መሄድ የምታስቡ ወረፋ አለ፣ ቀድማችሁ ደውሉ፣ የሲቲ ወይም የኤምአርአይ ውጤትና የመድኃኒት ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ፣ ቤት ውስጥ ልምምዱን የሚያሠራውም ሰው አብሮ ይምጣ፣ የመጀመሪያውን ቀን ለሱም የቤት ሥራ ትሰጠዋለች።