ጀርመን፣ እንግሊዝ ወይስ አሜሪካ? ለወጣት ሙዚቀኛ ኮንሰርቫቶሪ ስንመርጥ

ልጃችሁ ቫዮሊን ወይም ፒያኖ ይዞ ካደገ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። የትኛው ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት) ገብቶ ይማር? ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚያየው ስም ነው። የኒውዮርኩ ጁሊያርድ፣ የለንደኑ ሮያል አካዳሚ፣ ቪየና። እኔ ቫዮሊን አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼንም ወደ ውጭ ሸኝቻለሁ። ከስሙ በላይ የልጁን ዕጣ ሲወስን ያየሁት አንድ ሰው ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ክፍል ዘግቶ ብቻውን የሚያስተምረው መምህር። ለአራት ዓመት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ የምመዝነው በእሱ ነው።

ለማወዳደር ሰው በብዛት የሚያመነታባቸውን ሦስት መንገዶች ወስጃለሁ፦ ጀርመን ከኦስትሪያ ጋር፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካ። ቀኖቹና ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘቡ

በጀርመን 24 የመንግሥት የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች አሉ። አብዛኞቹ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። በየሴሚስተሩ ጥቂት መቶ ዩሮ የአገልግሎት መዋጮ ብቻ ነው የሚከፈለው። ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። ሽቱትጋርት፣ ፍራይቡርግና ማንሃይም ያሉበት ባደን ቩርተምበርግ ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣውን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። በኦስትሪያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለምሳሌ በቪየናና በሳልዝቡርግ፣ ለእንዲህ ያለው ተማሪ መደበኛው ክፍያ በሴሚስተር 726.72 ዩሮ ነው።

“ነፃ” የሚለው ቃል ግን አያዘናጋችሁ። ለጀርመን ቪዛ ስኮላርሺፕ ወይም ዋስ የሌለው ተማሪ የአንድ ዓመት መኖሪያውን አስቀድሞ በብሎክድ አካውንት ማስገባት አለበት። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ልኩ 11,904 ዩሮ ሆኗል። ይህ ገንዘብ የራሱ የልጁ ነው፤ በየወሩ እየተከፈለ ይመለስለታል። ቢሆንም መጀመሪያ ላይ በአንድ ጊዜ መገኘት አለበት።

እንግሊዝ ውድ ነው። የለንደን ኮንሰርቫቶሪዎች ከውጭ የሚመጣውን ተማሪ በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ያስከፍላሉ፤ የመኖሪያው ሌላ ነው። ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፣ ግን ብዙውን ጊዜ ከክፍያው ከፊሉን ነው የሚሸፍነው። የቅበላ ደብዳቤው ሲመጣ ከመደሰታችሁ በፊት ቀሪውን በአራት አባዙት።

አሜሪካ ሁለት ጽንፍ አለው። በጁሊያርድ የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ50,000 ዶላር ያልፋል። ፊላደልፊያ ያለው ከርቲስ ደግሞ ከ1928 ጀምሮ ማንንም የትምህርት ክፍያ አስከፍሎ አያውቅም። የሎስ አንጀለሱ ኮልበርን የኮንሰርቫቶሪ ተማሪዎቹን መኝታና ምግብም ይችላል። ይህን ሰምቶ መጓጓት ያለ ነው። ግን ከርቲስ በጠቅላላው 160 ያህል ተማሪ ነው ያለው። በአንድ መሣሪያ የሚለቀቅ ቦታ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሊሆን ይችላል። ይሞከር፤ ብቸኛ ዕቅድ ግን አይሁን።

ቋንቋው

ለእንግሊዝና ለአሜሪካ አይኤልትስ ወይም ቶፍል ይበቃል። ጀርመን ላይ ነገሩ ከበድ ይላል። ፕሮፌሰሩ በግል ክፍለ ጊዜው እንግሊዝኛ ሊናገር ይችላል፤ የሙዚቃ ቲዎሪና ታሪክ ግን በጀርመንኛ ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የቢ1 ወይም የቢ2፣ ማለትም የመካከለኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ሲመዘገብ፣ አንዳንዱ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ። ልጃችሁ 15 ዓመት ከሆነው ቋንቋውን ዛሬ ቢጀምር ይሻላል።

ፈተናው

ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው።

እንግሊዝ ቀዳሚ ነው። ማመልከቻው በኦክቶበር መጀመሪያ ይዘጋል፣ ኦዲሽኑ (በመጫወት የሚሰጠው ፈተና) ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ነው። አብዛኞቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ዩካስ ኮንሰርቫቶርስ በሚባለው የጋራ ድረ ገጽ በኩል ነው፤ የለንደኑ ጊልድሆል ግን በቀጥታ ነው። ልጁ የተለያየ ጠባይ ያላቸው ሥራዎች ይጫወታል፣ ጥቂት ይጠየቃል። የሚፈልጉት የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የነገውንም ነው።

በአሜሪካ ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ ቪዲዮ ያስልካሉ፤ የጊዜ ገደቡ በአብዛኛው ዲሴምበር 1 ነው። በቪዲዮው ያለፈ ልጅ ፌብሩዋሪ ወይም ማርች ላይ በአካል ይጠራል። ቪዲዮውን በመጨረሻው ሳምንት አትቅረጹ። በጥሩ አዳራሽ፣ ከአጃቢ ፒያኒስት ጋር፣ ሳይቆራረጥ መቀረጽ አለበት። ይህ ቢያንስ አንድ ወር ይፈልጋል።

ጀርመን ዘግይቶ ይመጣል። በኦክቶበር ለሚጀምረው ሴሚስተር ማመልከቻው በማርችና በኤፕሪል አካባቢ ነው፣ ፈተናው ከሜይ እስከ ጁላይ። ከዋናው መሣሪያ ሌላ የቲዎሪና የጆሮ (የሰሙትን ሙዚቃ ለይቶ የመጻፍ) ፈተና አለ፤ ፒያኒስት ላልሆነውም ብዙ ቦታ መሠረታዊ ፒያኖ ይጠየቃል። እጁ ወርቅ የሆነ ልጅ እዚህ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። የሰማውን ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ጽፎ አያውቅም ነበር።

ከሁሉ የሚያመው ሌላው ነው። በጀርመን ፈተናውን ማለፍና ቦታ ማግኘት አንድ አይደለም። አንዲት ተማሪዬ በአንድ ትምህርት ቤት አለፈች፤ ነጥቧም ጥሩ ነበር። ሆኖም በዚያ ዓመት የሚቀበላት ፕሮፌሰር ክፍሉ ሞልቶ ነበርና ሳትገባ ቀረች። ወራት አስቀድመን ጽፈን ብንጠይቀው ኖሮ ይህን እናውቅ ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቀናቱ መራራቅ አንድ ጥቅም አለው፤ ብርቱ ልጅ በአንድ ዓመት ሦስቱንም ሊሞክር ይችላል። ችግሩ መልስ መስጠት ላይ ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ እስከ ሜይ 1 ውሳኔ ይፈልጋሉ፣ የጀርመኑ ፈተና ደግሞ ገና አልደረሰም። ቅድሚያ የምትሰጡትን ከኦዲሽኑ በፊት ተነጋገሩና ወስኑ።

መምህሩን መፈለግ

የመምህራኑ ስም በየትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። መምህሩ ሲጫወት ከመስማት ይልቅ ተማሪዎቹን ስሙ። ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ካላቸው ይህም መልስ ነው። ዝነኛ ሶሎይስት (ብቻውን ኮንሰርት የሚያቀርብ) ከሆነ በዓመት ስንት ሳምንት ከተማው ውስጥ እንደሚገኝ፣ በማይኖርበት ጊዜ ማን እንደሚተካው በግልጽ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከዚያ የሙከራ ትምህርት ጠይቁ። አንዳንዱ በነፃ፣ አንዳንዱ በክፍያ ይሰጣል። ልጁ ሲወጣ “ደግ ሰው ነው?” አትበሉት። “አሁን መጫወት የቻልከው ትናንት ያልቻልከው ምንድን ነው?” በሉት።

ለማን የቱ?

ለኦርኬስትራ ተጫዋች ጀርመንን አስቀድማለሁ። አገሩ ከ120 በላይ የሙያ ኦርኬስትራዎች አሉት። ብዙዎቹ ወጣቶችን አብሮ በማጫወት የሚያሠለጥን አካዳሚ አላቸው፤ የበርሊን ፊልሃርሞኒክ አካዳሚ ከ1972 ጀምሮ አለ። የተመረቀ ተማሪም ሥራ ለመፈለግ 18 ወር መቆየት ይችላል። ለፒያኒስት ኦርኬስትራው ብዙም አይጠቅመውም፤ የቻምበር ሙዚቃ (በጥቂት ሰዎች የሚጫወት ሙዚቃ) ጓደኞችና የሚለማመድበት ጥሩ ፒያኖ ነው የሚያስፈልገው። ክፍሎቹ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆኑ ጠይቁ።

ብቻውን ለመኖር ገና ያልጠነከረ፣ ቋንቋ የሚያስጨንቀው ልጅ ካላችሁ፣ ገንዘቡ ከተገኘ እንግሊዝ ይቀለዋል። በማንቸስተርና በግላስጎው ያሉትም ጥሩ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ የቤት ኪራዩም ከለንደን ይሻላል። የባሮክና የጥንት ሙዚቃ ለሚወድ ሦስቱንም ትቼ የሆላንዱን ሄግ ወይም የስዊዘርላንዱን ባዝል አሳየዋለሁ። ለድምፃዊ መቸኮል አያስፈልግም። ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚበስል፤ በ18 ዓመቱ ያልተቀበሉትን በ21 ዓመቱ ሊቀበሉት ይችላሉ።

ልጃችሁ ገና 16 ከሆነ፣ የማመልከቻ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ በጁላይ ወይም በኦገስት የማስተር ክላስ ኮርስ (እውቅ መምህር በሌሎች ተማሪዎች ፊት የሚያስተምርበት) ላኩት። ሳልዝቡርግ ውስጥ ሞዛርቴዩም የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ያዘጋጃል፤ ከብዙ አገር የመጡ ፕሮፌሰሮች ያስተምሩበታል። የማንን ክፍል እንደሚመርጥ ግን ራሱ ልጁ ቀረጻ ሰምቶ ይወስን።