ለመጀመሪያ የሪሞት አውሮፕላን፦ ክንፉ ከላይ ወይስ ከታች?

የጀማሪን ልብ የሚከፍሉት ሁለት ናቸው። አንዱ ክንፉ ከላይ የተገጠመ፣ ሴስና የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን የሚመስል የፎም መለማመጃ ነው። ሌላው ክንፉ ከታች የሆነ፣ እንደ ሙስታንግ ያለ የጦር አውሮፕላን ሞዴል። በመልክ ከሆነ ሁለተኛው ያስንቃል፤ እሱን ማንም አይክድም።

ነገሩ የሚለየው አየር ላይ ነው። የመለማመጃው ክንፍ ጫፎች ብዙውን ጊዜ በትንሹ ወደ ላይ ቀና ያሉ ናቸው። ንፋስ ወደ ጎን ቢያጋድለው፣ መቆጣጠሪያውን ስትለቁት ቀስ እያለ ራሱን ያቃናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣ የመቆጣጠሪያው ግራና ቀኝ ለዓይናችሁ የተገለበጠ ይሆናል፤ ጀማሪ የሚደናገጠውም እዚህ ላይ ነው። መለማመጃው ለማሰብ ፋታ ይሰጣል።

ሙስታንጉ ግን ባጋደለበት ይቀጥላል። ፍጥነቱ ከልክ በላይ ሲቀንስ ደግሞ አንዱ ክንፉ ድንገት ይወድቃል። ይህ ለማረፍ ሲቃረብ ከሆነ፣ በቃ፣ አለቀለት።

ጥገናው ላይ ብዙ ልዩነት የለም፤ ሁለቱም ፎም ከሆኑ በማጣበቂያ ይጠገናሉ። ተራ ሱፐር ግሉ ግን አንዳንዱን ፎም ያቀልጣል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መለማመጃው፣ ያውም ባለ 4 ቻናሉ፣ ማለትም አራት ነገሮችን ለየብቻ የምታዙበት። አይለሮኑን፣ ማለትም አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለውን የክንፍ ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ከጅምሩ ስለሚያለማምድ በኋላ ወደ ሙስታንጉ መሻገር አይከብድም።