«አር. ዩ. አር.»፦ ሕመም በሒሳብ ተሰልቶ የሚጨመርበት ተውኔት

በቼኩ ጸሐፊ በካሬል ቻፔክ ተውኔት «አር. ዩ. አር.» («የሮሱም ሁለንተናዊ ሮቦቶች») መቅድም ውስጥ ደጋግሜ የተመለስኩበት አንድ አጭር ምልልስ አለ። በደሴት ላይ የተተከለውን የሮቦት ፋብሪካ ልትጎበኝ የመጣችው ወጣት ሄለና፣ የፊዚዮሎጂ ምርምሩን የሚመራው ዶክተር ጋል ለሮቦቶቹ የሕመም ስሜት ሊፈጥርላቸው እየሞከረ መሆኑን ትሰማለች። ሮቦቶቹ ሕመም ስለማያውቁ እጃቸውን ማሽን ውስጥ ከትተው ጣታቸውን ይሰብራሉ፤ ለገዛ አካላቸው አይሳሱም፤ ይህም ለኩባንያው ኪሳራ ነው። እንግዲህ ሕመም የሚያስፈልገው ለጥንቃቄ፣ ጥንቃቄውም ለትርፍ ነው። ሄለና ሕመም ሲሰማቸው ይበልጥ ደስተኞች ይሆኑ እንደሆነ ስትጠይቅ፣ እንዲያውም ተቃራኒው እንደሚሆን፣ ነገር ግን በአሠራር ረገድ የተሻሉ እንደሚሆኑ በእርጋታ ይመለስላታል። ስለ ሰው ሠራሽ ሕይወት የተጻፉ ልቦለዶችን ለዓመታት በፍቅር ሳነብ ኖሬአለሁ፤ ሥቃይ እንደ መለዋወጫ ዕቃ ዋጋው ተሰልቶ ሲገጠም ያየሁበት፣ ይህን ያህል የዘገነነኝ ገጽ ግን አላስታውስም።

ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1920 ታትሞ ጃንዋሪ 25 ቀን 1921 በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ለመድረክ በቅቷል። «ሮቦት» የሚለው ቃል ወደ ዓለም ቋንቋዎች የገባው በዚህ ሥራ ሲሆን፣ ቃሉን ያቀበለው ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ መሆኑን ደራሲው ራሱ መስክሯል። ምንጩ «ሮቦታ» የሚለው የቼክ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ገባር ለባለ ርስቱ በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነውና፣ በአማርኛ «ሁዳድ» ሲባል የሚሰማን ድካም ሁሉ በውስጡ አለ። ስለዚህ ቃሉን ከብረትና ከሽቦ ጋር ብቻ አያይዞ ወደ መጽሐፉ የሚገባ አንባቢ መደነቁ አይቀርም፤ የቻፔክ ሮቦቶች ሥጋ ለባሾች ናቸው። ሥጋቸው የሚሠራበት ውሁድ እንደ ሊጥ በትላልቅ ገንዳዎች ይቦካል፤ ነርቭና የደም ሥሮቻቸው እንደ ክር በፈትል ፋብሪካ ይፈተላል። ደራሲው ለዚህ አስደንጋጭ ሥራ የመረጣቸው ቃላት ሁሉ ከጓዳና ከሸማኔ ቤት የመጡ የዕለት ተዕለት ቃላት በመሆናቸው፣ አንባቢው ፋብሪካውን ገና ሳይጠላው ይለማመደዋል። ይህን የደራሲውን ትልቁ ብልሃት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

የድርሰቱ መሠረት ሮቦቶቹን በፈለሰፉት በሁለቱ ሮሱሞች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሽማግሌው ሮሱም ሰውን ከነሙሉ ብልቱ በመሥራት ፈጣሪ አያስፈልግም ብሎ ሊያረጋግጥ የተነሣ ሳይንቲስት ነበር። መሐንዲሱ ወጣት ሮሱም ግን የሰውን አካል እንደ ተበላሸ ንድፍ አይቶ፣ ለሥራ የማይጠቅመውን ሁሉ አውጥቶ ጣለው፤ ደስታ፣ ሙዚቃ፣ መንሸራሸር ለማምረቻ መሣሪያ ትርፍ ነገሮች ናቸውና። አደጋው የተፀነሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በኋላ የሚመጣው ዐመፅ የዚህ ውሳኔ ውላጅ ነው። ከሕያው ፍጡር ውስጥ የትኛው ክፍል ትርፍ እንደሆነ ማን ያውቃል? ጥያቄው ዛሬም በቤተ ሙከራ ሕያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው የክሬግ ቬንተር የዘረመል ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች አንዲትን ባክቴሪያ ለሕይወትና ለእድገት እስከሚያስፈልጋት ድረስ ብቻ ቀንሰው በ473 ዘረመል የምትኖር ሴል ሲሠሩ፣ ከእነዚህ መካከል የ149ኙ ዘረመሎች ተግባር በወቅቱ ገና ተለይቶ አልታወቀም ነበር። ተመራማሪዎቹ የማያውቁትን ክፍል እንዳለ ትተውታል፤ ወጣቱ ሮሱም ግን ያላወቀውን ሁሉ ቆርጦ ጥሏል። በተውኔቱ አንዳንድ ሮቦት በድንገት የያዘውን ጥሎ ጥርሱን ሲያፋጭ፣ ኩባንያው የምርት ጉድለት ነው ብሎ ወደ መፍጫ ይልከዋል፤ ሄለና ግን ይህች ነፍስ ናት ትላለች።

ከመቅድሙ በኋላ አሥር ዓመት ያልፋል። መንግሥታት ሮቦቶችን አስታጥቀው ለጦርነት ያሰልፋሉ፤ ሰው ሥራ በማቆሙ መውለድም ያቆማል፤ በዚህ የደነገጠችው ሄለና የአሠራሩ ምስጢር የተጻፈበትን የሽማግሌውን ሮሱም ሰነድ ታቃጥለዋለች። ሮቦቶቹ ፋብሪካውን ከበው ሳለ የውስጦቹ ሰዎች ጥፋተኛውን የሚፈልጉበት ትዕይንት ከሁሉም የበሰለው ነው። ጋል የሮቦቶቹን ባሕርይ የለወጠው እርሱ መሆኑን አምኖ ይቀበላል፤ ሄለና ለምናው እንደነበር ትናዘዛለች፤ የንግድ ኃላፊው ቡስማን ግን የተለወጡት ጥቂት መቶዎች ብቻ ስለሆኑ ከሚሊዮኖች መካከል ከቁጥር እንደማይገቡ አስልቶ ያሳያቸዋል። በእርሱ ሒሳብ ምርቱን ያበዛው የዓለም ፍላጎት ነው፤ ኃላፊዎቹ መሪዎች የሆኑ መስሏቸው በፍላጎቱ ሲነዱ ኖረዋል። ይኸው ሰው ሮቦቶቹን በገንዘብ ሊያግባባ ወጥቶ በኤሌክትሪክ አጥሩ ተይዞ ይሞታል።

ጉድለቱን መሸሸግ አልፈልግም። ሄለና ታሪኩን ሁለት ጊዜ የምትቀይር ሆና ሳለ፣ ደራሲው ከውበቷና ከየዋህነቷ በቀር ብዙ አልሰጣትም፤ በፋብሪካው ያሉት ወንዶች ሁሉ እንዳዩዋት መማረካቸው፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ዶሚንም በተዋወቃት ዕለት ለጋብቻ መጠየቁ የአሳቡን ክብደት ያቀለዋል። የዶሚን ንግግሮችም በቦታው ካሉት ሌሎች ሰዎች ድምፅ በላይ ይረዝማሉ። አገልጋዪቱ ናና ግን በጥቂት መስመር ብቻ ከብዙዎቹ ይልቅ ሕያው ሆና ወጥታለች።

ለንባብ የሚመረጠው ቅጂ ጉዳይ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1923 በእንግሊዝኛ የታተመው የቆየ ትርጉም ዳሞን የተባለውን ሮቦት ከነጭራሹ ስላስቀረው፣ ገጸ ባሕርዩ ያልተጎደለበትን ሙሉ ትርጉም መፈለግ ይገባል። በመጨረሻው ገቢር ከሰው ዘር የተረፈው የግንባታ ኃላፊው አልኲስት ብቻ ነው፤ የተረፈውም እንደ ሮቦት በእጁ ስለሚሠራ ነው። ሮቦቶቹ መባዛት አይችሉምና ምስጢሩን መልሶ እንዲያገኝላቸው ይለምኑታል። ብዙ አንባቢዎች የሚያስታውሱት አንዱ ስለ ሌላው ራሱን አሳልፎ የሚሰጥባቸውን ሁለት ወጣት ሮቦቶች ነው፤ ለእኔ ያ ፍጻሜ በችኮላ የመጣ ማጽናኛ ሆኖ ይሰማኛል። ከእነርሱ በፊት ግን የሮቦቶቹ መሪ ዳሞን ለምርምር ሲል በሕይወቱ ሳለ ለቢላዋ ራሱን ይሰጣል። ከሥቃዩ እየተንገዳገደ ሲነሣና መኖር እንደሚፈልግ ሲናገር ሳነብ፣ በመቅድሙ ጋል ለኩባንያው ጥቅም ሊገጥመው ያሰበው ሕመም ትዝ ብሎኝ መጽሐፉን ለጊዜው አጠፍኩት።