«ዛሬ አልነቅልም» ያለን የጥርስ ሐኪም

ጎንደር ፒያሳ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ነው። እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር።

እናቴ ከዚህ በፊት በደም ግፊት ምክንያት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷት ተርፋለች። ግራ እጇ ቶሎ ይዝላል እንጂ ደህና ናት። የመንጋጋ ጥርሷ ግን እንቅልፍ ነሳት። መጀመሪያ የሄድንበት ሌላ ቦታ ግፊቷን እንኳ ሳይለኩ መርፌ ሊወጓት ሲሉ ተነስተን ወጣን።

እዚህኛው ሐኪም አፏን ከማየቱ በፊት ወረቀቶቿን ተቀበለ። ደሙ የፈሰሰው በግፊት ነው ወይስ ደም ሥር አብጦ ፈንድቶ? አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች? ግፊቷን ለካ፤ 190 በ110። አሳርፎ ደገመው፤ ያው ነው።

«እማማ፣ የግፊቱን ኪኒን ዛሬ ዋጡ?»

«ጾም አይደል ልጄ? ከቅዳሴ በኋላ ነው የምውጠው።»

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት ሐኪም አልነበረም!

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳን። በዚህ ግፊት ቢነቀል ሥጋቱ የድዷ መድማት ብቻ አይደለም። ድንጋጤውና ማደንዘዣው ውስጥ ያለው አድሬናሊን ግፊቱን ይበልጥ ሊሰቅሉት ይችላሉ። መተውም አያዋጣም፤ ሕመሙ ራሱ ግፊት ይጨምራል፣ ኢንፌክሽኑም ሊስፋፋ ይችላል። «ኧረ ንቀልልኝና ልገላገል» ብትለውም አልተበገረም። አሞክሳሲሊንና ፓራሲታሞል አዘዘላት። ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ግን ግፊትም ስለሚጨምር፣ ደምም ቶሎ እንዳይቆም ስለሚያደርግ እንዳትነካው አለ። ለግፊት ሐኪሟም ደብዳቤ ጻፈ። ኪኒኑን ንስሐ አባቷን አማክራ በሰዓቱ እንድትውጥ ለመናት፤ እሳቸውም ፈቀዱላት። የዚያን ቀን ከካርድ በቀር ያስከፈለን ነገር የለም።

በሌላ ቀን ወደ ክሊኒኩ ስንመለስ ግፊቷ 142 በ84 ሆነ። ማደንዘዣውን በትንሹ፣ ቀስ እያለ ወጋት። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) አስነከሳት። ደሙ መቆሙን አይቶ፣ ግፊቷን እንደገና ለክቶ ነው ከወንበሩ ያስነሳት። እንዲህ ያለ ሕመም ያለፈበት ወላጅ ላለው ሰው ሁሉ ይህን ክሊኒክ እመክራለሁ።

የማልወድለት ደረጃውን ነው። ጠባብ ነው፣ መደገፊያው ይወዛወዛል፣ ሊፍት የለም። ግማሽ አካሉ ለደከመ ሰው ከባድ ነው። ለሐኪሙም ነግሬዋለሁ። እስኪስተካከል ድረስ የሚደግፍ ጎረምሳ ይዛችሁ ሂዱ። የሚውጡትን ኪኒን በሙሉ ከነካርቶኑ ያዙ፤ አንድ በአንድ ያያል።