አዲሱ የፑል ፓምፕ ጥሩ ነው፣ ችግሩ የድሮው ታይመር ላይ ሲታሰር ነው

እዚህ ላስ ቬጋስ ብዙ ሰው ቤት ሲገዛ ፑሉም (መዋኛ ገንዳው) አብሮ ይመጣል፣ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ደግሞ በዚህ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ስለሚሰራ አንድ ቀን መቃጠሉ አይቀርም። የኛው ባለ አንድ ፍጥነት ነበር፣ መጮህ ጀመረ ከዛ ጭራሽ ቆመ፣ በምትኩ ባለ 1.5 ፈረስ ጉልበት ቬሪየብል ስፒድ፣ ማለትም ፍጥነቱ የሚቀያየር፣ ገዛን። የብራንዱን ስም አልጠራም፣ ያጋጠመን ነገር የየትኛውንም ብራንድ ገዢ ሊያጋጥም ይችላል።

ዕቃው በጣም ጥሩ ነው። ያለው መኝታ ቤት መስኮት ስር ነው፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ መስራቱንም አታውቁም። የመብራት ቢሉም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ሞተሩ በደቂቃ ከ3450 ዙር ወደ ግማሹ ሲወርድ የሚበላው መብራት በግማሽ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፣ ወደ አንድ ስምንተኛ ይጠጋል፣ ስለዚህ ረጅም ሰዓት ቀስ ብሎ መስራቱ ይረክሳል።

ማኑዋሉ ግን አናደደኝ። ማስጠንቀቂያው ገጽ ሙሉ ነው፣ ግድግዳው ላይ ስላለው የታይመር ሳጥን ያለችው ግን አንዲት መስመር በትንሽ ፊደል። እዚህ ብዙ ቤት ያለው ኢንተርማቲክ ቲ104 የሚባለው ታይመር ነው፣ ቁጥር 1 እና 3 የሽቦ ማሰሪያዎች ላይ ከብሬከር የሚመጣው ይገባል፣ ከ2 እና 4 ወደ ፓምፑ ይወጣል። ለድሮው ፓምፕ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ያበራዋል ያጠፋዋል። አዲሱ ግን የራሱ ሰዓት ውስጡ ስላለው መብራት ሁሌም ማግኘት አለበት። ሊገጥም የመጣው ሰው ድሮ በነበረበት 2 እና 4 ላይ አስሮት ሄደ፣ ከዛ ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ድርግም ይላል፣ ጠዋት ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። የሻጩ ሰፖርት ጋ ስደውል ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆናል መልሱት አሉኝ።

ከመመለሴ በፊት ቴስተር አወጣሁ። ታይመሩ ሲበራ ፓምፑ ጋ በሁለቱ ሽቦ መሃል 240 ቮልት አካባቢ አለ፣ እያንዳንዱ ከግራውንድ ጋር ደግሞ 120። ታይመሩ ሲዘጋ ሁሉም ዜሮ። በቃ ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ መብራቱን የሚነጥቀው ታይመሩ ነው። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጬ ሁለቱን ሽቦ ከ2 እና 4 ነቅዬ 1 እና 3 ላይ አሰርኩት፣ ከዛ ወዲህ ስክሪኑ አንድም ቀን አልጠፋም።

የጨው ክሎሪን ማሽን (ፑሉ ውስጥ ካለው ጨው ክሎሪን የሚሰራው) ያላችሁ ግን እሱ ታይመሩ ላይ ይቆይ፣ ሰዓቱ ፓምፑ በሚሰራበት ሰዓት ውስጥ እንዲወድቅ አድርጉ። ውሃው ቆሞ ማሽኑ ብቻ ቢሰራ ጋዝ ቧንቧው ውስጥ ይጠራቀማል፣ የፍሰት መቆጣጠሪያ አለው ግን በሱ ብቻ መተማመን ጥሩ አይደለም።

አገር ቤት ኤሌክትሪክ ለሰራችሁ ደግሞ አንድ ነገር፣ እዛ 220 የምናገኘው ከአንድ ፌዝና ከኒውትራል ነው፣ እዚህ 240 የሚመጣው ከሁለት ፌዝ ነው፣ ፓምፑ ጋ ኒውትራል የለም። ስለዚህ ነጭ ሽቦ ካያችሁ ኒውትራል ነው ብላችሁ እንዳትነኩት፣ እሱም ፌዝ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ከሞተሩ የውጪ አካል ጋር የሚታሰር ቁጥር 8 የሚባል ወፍራም ራቁቱን ያለ የመዳብ ሽቦ አለ፣ ገጣሚው መሬት ላይ ጥሎት ነው የሄደው። ግራውንዱ ታስሯል ምን ያደርጋል የሚል ሰው አለ፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። ይሄኛው ፓምፑንና ፑሉ ዙሪያ ያለውን ብረት በሙሉ አንድ ላይ ያገናኛል፣ አንዱ ላይ መብራት ቢያመልጥ ውሃ ውስጥ ያለ ልጅ እጁን ብረት ላይ ሲያሳርፍ በሰውነቱ እንዳያልፍ ማለት ነው። እባካችሁ ገጣሚው ከግቢያችሁ ሳይወጣ ይቺን ሽቦ በዓይናችሁ እዩ፣ ብሬከሩም ጂኤፍሲአይ (መብራት ሲያመልጥ ወዲያው የሚያቋርጥ) መሆኑን ጠይቁ፣ ያለሱ ልጅ ፑል ውስጥ አይግባ።

ለፓምፑ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለማኑዋሉ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ዋስትናውን አንብቡ፣ የኛው ላይሰንስ ያለው ሰው ካልገጠመው ዋስትናው ያጥራል ይላል፣ ስለዚህ የገጣሚውን ደረሰኝ እንዳትጥሉ።