ጥሪ ሲቀበል ይደርቅ የነበረውን ሞደማችንን ለጠገኑልን የባሕር ዳር ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ባሕር ዳር ውስጥ ከዋናው ገበያ ጀርባ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሚጠገንባቸው ጠባብ ሱቆች በአንዷ የሚሠሩ አንጋፋ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገን ነው። በዚያውም ሌላ ጥገና ቤት «ይሄማ ይጣል» ያለው ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ከመጣሉ በፊት እሳቸውን እንዲያማክር ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ቃሌን አክብሬ ሱቃቸው ውስጥ እንደምጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

በዚህ ዘመን የኮምፒዩተርን ፋይል በስልክ መስመር የሚያስተላልፍ ሞደም ምን ይሠራላችኋል የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቤተሰባችን በሐይቁ ዳርቻ አቅራቢያ ገመድ፣ የመረብ ክር፣ ሚስማርና የጀልባ ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ አለው፤ እኔ ሂሳቡን እይዛለሁ፣ ዕቃውን ገዝቶ የሚልክልን ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የሚኖረው ጎንደር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ የዕለቱን ሽያጭና የቀረውን ዕቃ የምንልክበት መላ ጠፋን። መደበኛ ስልካችን ግን ይሠራ ስለነበር ወንድሜ ለዓመታት ዕቃ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሞደሞችን አውጥቶ አንዱን ለራሱ አስቀረ፣ ሌላውን ወደ እኔ ላከ። ይህ አሠራር ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የእሱ ኮምፒዩተር በቀጥታ ወደ ሱቃችን ስልክ ይደውላል፣ የእኛ ሞደም ያነሣል፣ ፋይሉም ይተላለፋል። በሁለቱም ጫፍ ያለው ተራ የስልክ መስመር ስለሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ33.6 ኪሎቢት አያልፍም፤ ይሁንና የአንድ ቀን ዝርዝራችን 100 ኪሎባይት እንኳ ስለማይሞላ፣ ሞደሞቹ እስኪግባቡ የሚወስደውን ጊዜ ጨምሮ 2 ደቂቃ አይፈጅም። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም ልማዱን አልተውነውም፤ ወንድሜ ሁልጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይደውላል፣ እኔም ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ችግሩ የጀመረው በክረምቱ ነው። ወንድሜ ሲደውል ስልኩ ይጠራል፣ ሞደሙ «ጠቅ» ብሎ ያነሣል፣ ከዚያ በኋላ ግን ጭጭ ይላል። ጤነኛ ሞደም ጥሪ ሲቀበል ለ3 ሰከንድ ያህል ባለ 2,100 ኸርዝ ቀጭን ፉጨት ያሰማል፤ የእኛው ፉጨቱንም አያሰማ፣ መልሶም አይዘጋ፣ መብራቶቹ እንደበሩ ደርቆ ይቀራል። የሚያናድደው ደግሞ ስልኩ «ተነሥቷል» ስለሚባል ወንድሜ የዝምታውን ሂሳብ በደቂቃ እየቆጠረ መክፈሉ፣ ወደ ሱቃችን የሚደውል ደንበኛም እኔ ጠዋት መጥቼ የሞደሙን ሶኬት ነቅዬ እስክሰካ ድረስ «መስመሩ ተይዟል» መባሉ ነበር።

ወደ ጋሼ ከመድረሴ በፊት ሁለት ቦታ ሄጄአለሁ፤ ማንንም ለመክሰስ ስላልሆነ ስማቸውን አላነሣም። የመጀመሪያው ጥገና ቤት ሞደሙን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ የሚመልሰውን ትእዛዝ ሰጥቶ «ከእንግዲህ አይደርቅም» አለኝ። በእርግጥም ከዚያ በኋላ አልደረቀም፣ ስልኩን ማንሣት ትቶ ነበርና። በብዙ ሞደሞች ላይ ይህ ትእዛዝ ሞደሙ ስልኩ ስንት ጊዜ ከጠራ በኋላ ያንሣ የሚለውን ቁጥር ወደ 0 ይመልሰዋል፤ 0 ማለት ደግሞ በራስህ አታንሣ ማለት ነው። ወንድሜ በስልክ እየነገረኝ ቁጥሩን ወደ 1 ስመልሰው ሞደሙም ወደ መድረቁ ተመለሰ። ሁለተኛው ጥገና ቤት አዳፕተሩን በቴስተር ለክቶ ዜሮ ስላነበበ፣ ተቃጥሏል፣ ምትኩም እዚህ ከተማ አይገኝም፣ ስለዚህ ሞደሙ ይጣል ብሎ ፈረደ። አዳፕተሩ የሞተ ከሆነ መብራቶቹ በምን ይበራሉ ብዬ ለመጠየቅ ያኔ አልመጣልኝም።

ጋሼ ሱቅ የሄድኩት አንድ የጀልባ ባለቤት ደንበኛችን ስለ እሳቸው ነግሮኝ ነው። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ስፋት ያላት፣ ግድግዳዋ እስከ ጣራው ድረስ በተፈቱ ሬዲዮኖች የተሞላች ናት። ሞደሙን፣ አዳፕተሩንና ኬብሉን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ መፍቻ አላነሡም፤ ወንበር ስበው እንድቀመጥ ካደረጉ በኋላ ይጠይቁኝ ጀመር።

«ወንድምሽ ሲደውል ነው የሚደርቀው?»

«አዎ ጋሼ፣ ሲያነሣ።»

«አንቺስ በዚህ ሞደም ደውለሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። የእኛ ሞደም ተደዋይ እንጂ ደዋይ ሆኖ አያውቅም። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና ዊንዶውስ ኤክስፒ ከተጫነበት ያረጀ ኮምፒዩተራቸው ጋር በባለ 9 እግሩ ኬብል አገናኝተው ለሞደም ትእዛዝ የሚጻፍበትን ሃይፐርተርሚናል የተባለ ፕሮግራም ከፈቱ። ሞደሙን «አለህ?» ብሎ እንደመጥራት የሆነውን «ኤቲ» የሚል ትእዛዝ ጻፉ፤ ሞደሙ «ኦኬ» ብሎ መለሰ። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ግን እኔንም ያስገረመኝ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍም ያነሣሣኝ ነው። የስልክ መስመር ጭራሽ ሳይሰኩበት «ኤቲኤች1» ብለው ጻፉ። ይህ ትእዛዝ ሞደሙ ማንም ሳይደውልለት እጀታውን እንዳነሣ ስልክ እንዲሆን ያደርገዋል። «ጠቅ» አለ፣ ኦኤች (መስመሩ ተነሥቷል) የሚል ጽሑፍ ያለባት ቀይ መብራት በራች፣ ኦኬ የሚለው መልስ ግን አልመጣም። ደጋግመው «ኤቲ» ቢሉትም አልመለሰም። ደርቋል።

ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው «አየሽ ልጄ፣ ጥሪው ምንም አላደረገውም፤ የደረቀው እጁን ሲያነሣ ነው» አሉኝ። በዚህች በአንዲት ሙከራ የስልክ መስመሩ፣ ወንድሜ ያለበት ጫፍ፣ የመደወያ ፕሮግራማችን፣ የፍጥነት ቅንብሩ፣ በነጎድጓዱ ወቅት መስመሩ ሳይጎዳ አልቀረም የሚለው የእኔ ጥርጣሬም ጭምር፣ ሁሉም ከተጠርጣሪነት ወጡ። እኛ ለሳምንታት «ጥሪ ሲቀበል ይደርቃል» ስንል የቆየነው ሞደሙ ሌላ ሥራ ስላልነበረው ብቻ ነው፤ ብንደውልበት ኖሮም መድረቁ አይቀርም ነበር።

አዳፕተሩን ሲለኩ የሁለተኛው ጥገና ቤት ስሕተት ግልጽ ሆነ። አዳፕተሩ የሚሰጠው እንደ ባትሪ ያለ ቀጥተኛ ኃይል ሳይሆን እንደ ግድግዳ ሶኬት ያለ፣ ባለ 9 ቮልት ተለዋጭ ኃይል ነው፤ ጀርባው ላይም ተጽፏል። ቴስተሩን ለቀጥተኛ ኃይል አድርጎ የሚለካ ሰው ዜሮ ማንበቡ የማይቀር ነው። ጋሼ የቴስተሩን ማዞሪያ ወደ ተለዋጩ ሲያዞሩት ከ10 ቮልት በላይ አሳየ፣ ምንም ስላልተሰካበት ከ9 ትንሽ ከፍ ማለቱም ጤና እንደሆነ ነገሩኝ። ተለዋጩን ኃይል ወደ ቀጥተኛ የሚቀይሩት ዳዮዶች፣ የተቀየረውንም ኃይል እያጠራቀመ የሚያለሳልሰው ትልቅ ካፓሲተር ያሉት ሞደሙ ውስጥ ነው።

ክዳኑን ከፍተው የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በዚያ ካፓሲተር እግሮች ላይ አሳረፉና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ሞደሙ ሥራ ፈትቶ ሳለ 8.9 ቮልት ነበር። ኤቲኤች1 ብለው መስመሩን የሚያነሣው ማብሪያ፣ ሪሌዩ፣ ጠቅ ሲል ወደ 6.2 ወረደ። ከጎኑ ያለው ባለ ሦስት እግር ማስተካከያ ለሞደሙ አንጎል 5 ቮልት የሚሰጠው፣ የሚገባው ኃይል ቢያንስ 7 ቮልት ሲሆን ነው። ሪሌዩ ሲስብና የድምፅ ክፍሉ ሲነሣ ሞደሙ ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ የሚያበድረው ስላልነበረው ኃይሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ከሚያስፈልገው በታች ወርዶ ይመለስ ነበር። ለመብራቶቹ ይበቃል፣ ለማሰብ ግን አይበቃም።

ካፓሲተሩ ተነቅሎ ሲታይ አናቱ በትንሹ አብጧል። ላዩ ላይ የመያዝ አቅሙ 2,200 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ይላል፤ ጋሼ በመለኪያቸው ሲለኩት 300 እንኳ አልሞላም። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀትና በዕድሜ ቀስ በቀስ ተንኖ ያልቃል፣ የእኛው ደግሞ ከሚሞቀው ማስተካከያ ጋር ተጣብቆ ነው የኖረው። ሞደሙ ሲደርቅ የከረመው ካፓሲተሩ ስለደረቀ ነው ብለው ሲነግሩኝ ሁለታችንም ሳቅን። በቦታው እስከ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችል፣ ልኩ ያው የሆነ አዲስ ካፓሲተር፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ሁለት ጊዜ አመሳክረው በየዱ፤ ከማስተካከያውም ትንሽ እንዲርቅ እግሮቹን ረዘም አድርገው ትተውለታል። ከዚያ በኋላ ኤቲኤች1 ሲባል ኃይሉ ከ10.8 ወደ 9.7 ብቻ ወረደ፣ «ኦኬ» የሚለው መልስም ወዲያው መጣ።

እዚህ ላይ ሂሳባቸውን ተቀብለው ቢያሰናብቱኝ አመስግኜ በሄድኩ ነበር። እሳቸው ግን የራሳቸውን የስልክ መስመር ሰክተው በሞባይላቸው አሥር ጊዜ ደወሉበት፤ አሥሩንም ጊዜ ፉጨቱን በስፒከር አሰሙኝ። በመጨረሻም ሞደሙ ስልኩ አንዴ ሲጠራ ሳይሆን ሁለቴ ሲጠራ እንዲያነሣ ቁጥሩን 2 አድርገው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቅንብሩ እንዳይረሳ በሚያስቀምጠው ትእዛዝ አስቀመጡት። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር የኃይሉንም የስልኩንም ገመድ እንድነቅል አጥብቀው መከሩኝ፤ ይሄኛው ካፓሲተር በመብረቅ ባይሞትም ቀጣዩ ዕቃ ሊሞት ይችላል አሉ። ለሁሉም የጠየቁኝ 350 ብር ነው፣ የተነቀለውንም ካፓሲተር በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

ጥቆማዬ ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ለሚቸኩል ሰው የሚሆኑ ባለሙያ አይደሉም። ቀድሞ የመጣ ሬዲዮ ካለ ወረፋው አይታለፍም፣ ዕቃው ለምን እንደተበላሸ ሳያውቁም ክፍል አይቀይሩም፤ ይህም እኔን ሁለት ከሰዓት አስጠብቆኛል። ዘመናዊ የእጅ ስልክ አይነኩም፣ «ለእሱ ልጆቹ አሉ» ብለው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይልካሉ። የድሮ ሬዲዮ፣ አምፕሊፋየር፣ የኃይል ማስተካከያ፣ እንደ እኛው ያለ ሞደም ያለው ሰው ግን የሚሄድበት ቦታ ይህ ነው። ሲሄድ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን አዳፕተሩንና ኬብሉን አብሮ ይያዝ፤ እኔ ሳላውቅ አብሬ በመውሰዴ ነው ነገሩ ሌላ ዕቃ ለማምጣት ሳልመላለስ ያለቀው። ሱቋን ያጣ ሰው ሱቃችን መጥቶ ቢጠይቀኝ እስከ በራቸው አደርሰዋለሁ።

በዚያው ዕለት ምሽት ሱቁን ሳልዘጋ ሞደሙ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅሁ። 2 ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ፣ ደግሞ ጠራ፣ ጠቅ አለ፣ ፉጨቱ ተሰማ። ፋይሉ ካለፈ በኋላ ወንድሜ በሞባይሌ ደውሎ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ሞደሙ አልነበረም፤ ባለ 8 ሚሊሜትሩ ገመድ እንዴት በሦስት ሳምንት አለቀ የሚል ነበር።