ሦስት ካርቡረተር ስላለው ብቻ «የአውሮፓ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ጃጓር ኢ-ታይፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በጀርመንና በአካባቢው አገሮች የምትኖሩ፣ የቆየ የስፖርት መኪና ገዝታችሁ ለማደስ የምታስቡ ወገኖቼ እኔና የአክስቴ ልጅ የደረሰብን ኪሳራ እንዳይደርስባችሁ ነው። ባለፈው የጸደይ ወቅት መሪው በግራ የሆነ የ1969 ጃጓር ኢ-ታይፕ ገዛን (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማስታወቂያው መኪናው ከፋብሪካ ለአውሮፓ ገበያ ተሠርቶ የወጣ መሆኑን ይገልጽ ነበር፤ ለዚህም በማስረጃነት የቀረበልን ኤስ ዩ የሚባሉት ሦስቱ ካርቡረተሮች (ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅለው ለሞተሩ የሚሰጡ መሣሪያዎች) ነበሩ። እኛም ይህን አምነን፣ በተመሳሳይ ይዞታ ላይ ለሚገኝ፣ ለአሜሪካ ገበያ ለተሠራ ኢ-ታይፕ ከሚጠየቀው ዋጋ በላይ 14,000 ዩሮ ጨምረን ከፈልን። ከአራት ወር በኋላ ከእንግሊዝ የመጣልን የፋብሪካ መዝገብ ቅጂ ግን መኪናው እንደተሠራ በቀጥታ ወደ ኒው ዮርክ የተላከ መሆኑን አረጋገጠልን።

ስህተታችን የጀመረው ካርቡረተር ስለ አንድ መኪና ትውልድ (ማለትም ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ) ምን ሊናገር እንደሚችልና ምን ሊናገር እንደማይችል ባለማወቃችን ነው። ኢ-ታይፕ በማርች 1961 በጄኔቫ ለሕዝብ ሲታይ 3.8 ሊትር የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርና ኤችዲ8 የሚባሉ፣ የአፋቸው ስፋት 2 ኢንች የሆነ ሦስት የኤስ ዩ ካርቡረተሮች ነበሩት፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያን ጊዜ አለካክ 265 የፈረስ ጉልበት ነበር። በ1964 መጨረሻ ሞተሩ ወደ 4.2 ሊትር ሲያድግም ካርቡረተሮቹ አልተለወጡም። እስከ 1967 ድረስ ወደ አሜሪካ የተላከውም በአውሮፓ የተሸጠውም ያው ሦስት ኤስ ዩ የተገጠመለት ነው። ስለዚህ አንድ ሻጭ የ1965 መኪና አቅርቦ «ሦስት ካርቡረተር ስላለው የአውሮፓ ነው» ቢላችሁ፣ የተናገረው ነገር ስለ መኪናው ትውልድ ምንም አያስረዳም።

ልዩነቱ የመጣው የአሜሪካ መንግሥት ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የመኪናን ጭስ የሚገድብ ሕግ ሥራ ላይ ባዋለ ጊዜ ነው። ጃጓር ሕጉን ለማሟላት ወደ አሜሪካ ከሚልካቸው መኪናዎች ሦስቱን ኤስ ዩ አንሥቶ፣ አፋቸው 1.75 ኢንች የሆነ ሁለት የዜኒት-ስትሮምበርግ ካርቡረተሮች ገጠመ። በወረቀት ላይ የተጻፈው ጉልበት ወደ 246 ወረደ፤ በመንገድ ላይ የሚሰማው ልዩነት ግን ቁጥሩ ከሚያሳየው ይበልጣል። በእንግሊዝና በአውሮፓ የተሸጡት የዚያ ዘመን መኪናዎች በአብዛኛው ሦስቱን ኤስ ዩ እንደያዙ ቀጠሉ። በ1971 የመጣው ባለ 12 ሲሊንደር ሲሪስ 3 (ሦስተኛው የኢ-ታይፕ ዓይነት) ደግሞ ለየትኛውም ገበያ ቢሠራ አራት ስትሮምበርግ አለው። እንግዲህ ካርቡረተር ገበያን ለመለየት አንድ ነገር የሚጠቁመው ከ1968 እስከ 1971 ባሉት መኪናዎች ላይ ብቻ ነው። ገዢዎች በብዛት የሚታለሉትም በእነዚሁ ዓመታት መኪናዎች ነው፣ ምክንያቱም ከአሜሪካ የተመለሰን መኪና ስትሮምበርጎቹን አውልቆ ሦስት ኤስ ዩ መግጠም ለሠለጠነ መካኒክ አስቸጋሪ ሥራ አይደለም።

መለወጡ በራሱ ነውር አለመሆኑን በግልጽ መናገር እወዳለሁ። ብዙ ባለቤቶች የመኪናቸውን ጉልበት ለመመለስ ብለው ያደርጉታል፤ በሚገባ ከተሠራም መኪናው ያማረ ይሆናል። ነውሩ የተለወጠውን ከፋብሪካ እንደዚያው እንደወጣ አስመስሎ መሸጥና የዋጋውን ልዩነት ከገዢው ኪስ መውሰድ ነው።

ሁለቱን ካርቡረተሮች በዓይን መለየት ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልጨምር። የሁለቱም አሠራር መሠረቱ አንድ ነው፦ ሞተሩ አየር ሲስብ በውስጥ ያለው ፒስተን ወደ ላይ ይነሣል፣ ከሥሩ የተተከለችውም መርፌ አብራው እየተነሣች የቤንዚኑን ቀዳዳ ታሰፋለች። በኤስ ዩ ውስጥ ፒስተኑ ደወል በመሰለው ክዳን ውስጥ እጅግ ተጠግቶ ስለሚንቀሳቀስ በዙሪያው የጎማ ማሸጊያ አያስፈልገውም፤ በስትሮምበርግ ግን ፒስተኑን ከክዳኑ ጋር የሚያያይዘው ስስ ጎማ ነው፣ ያ ጎማ ሲቀደድ መኪናው ጉልበት ያጣል። ኮፈኖውን ከፍታችሁ ስታዩ ከፍ ከፍ ያሉ ሦስት ደወሎች በተርታ ከቆሙ ኤስ ዩ ነው፤ ጎናቸው ሰፋ፣ ቁመታቸው አጠር ያሉ ሁለት ከሆኑ ስትሮምበርግ ነው። ሦስት ደወል ማየት ግን የምርመራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም።

በእኛ መኪና ላይ ሦስቱም ደወሎች ነበሩ፣ ተወልውለውም ያበሩ ነበር። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ይንቀጠቀጥ የነበረውን ሻጩ «ትንሽ ማስተካከል ብቻ ይፈልጋል» ብለው አለፉት። በኋላ ስንፈታቸው ሁለቱ አንድ ዓይነት መርፌ ሲኖራቸው የሦስተኛው መርፌ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በመርፌዋ አንገት ላይ ፊደል ተቀርጿል፤ ፊደሉ በሦስቱም ላይ አንድ መሆን አለበት። ኤችዲ8 ማርክ 10 እና 420ጂ በተባሉት ትልልቅ የጃጓር የቤት መኪናዎች ላይም በሦስት በሦስት ይገጠም ስለነበር፣ ከተጣለ መኪና የተነቀለ ካርቡረተር ገበያ ላይ ማግኘት ይቻላል። የእኛም ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ መሆኑ አያጠራጥርም። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አስፈቅዳችሁ፣ የደወሉን የዘይት መቆጣጠሪያ ዘንግ አውጥታችሁ፣ ፒስተኑን በጣት አንሥታችሁ ልቀቁት፤ ሳይያዝ ወርዶ «ቋ» የሚል ድምፅ ማሰማት አለበት። ሦስቱም ተመሳሳይ ድምፅ ካልሰጡ አንድ የተበላሸ ወይም የተቀያየረ ነገር አለ።

የአሜሪካ መኪና ከካርቡረተሩ ውጭም ምልክት ይተዋል። የአሜሪካ ሲሪስ 2 (ከሲሪስ 3 በፊት የነበረው ሁለተኛው ዓይነት) በፊትና በኋላ ፓራፋንጎዎች ጎን ላይ ትናንሽ የጎን መብራቶች አሉት፤ ለአውሮፓ በተሠሩት ላይ በአብዛኛው አይገኙም። መብራቱን አውልቆ ቀዳዳውን መሙላት ቀላል ስለሆነ ከውጭ ያለውን ቀለም ብቻ አትመልከቱ፤ እጃችሁን በፓራፋንጎው ውስጠኛ በኩል አስገብታችሁ ብየዳ ወይም ስቱኮ እንዳለ ዳስሱ። በእኛ መኪና ላይ በአራቱም ቦታ ስቱኮው ነበር፣ ማግኔት ብንይዝ ኖሮ ገና በሻጩ ግቢ እያለን እናገኘው ነበር። የፍጥነት መለኪያው በኪሎ ሜትር መሆኑም ብቻውን አያሳምን፣ ሰሌዳው ይቀየራልና።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተው ሌላው ነገር የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ መሪው በግራ ወይም በቀኝ መሆኑን ይናገራል፦ ለምሳሌ ጣሪያቸው ተጣጣፊ በሆኑት የሲሪስ 2 መኪናዎች የቀኝ መሪ ቁጥር ከ1አር1001፣ የግራ መሪ ደግሞ ከ1አር7001 ይጀምራል፤ ጣሪያቸው ድፍን በሆኑት ደግሞ የቀኙ ከ1አር20001፣ የግራው ከ1አር25001 ነው። ይሁን እንጂ ወደ ጀርመን፣ ወደ ፈረንሳይ ወይም ወደ ስዊዘርላንድ የተላከ የግራ መሪ መኪና ወደ ኒው ዮርክ ወይም ወደ ሎስ አንጀለስ ከተላከው ጋር በአንድ የቁጥር ተርታ ውስጥ ይገኛል። ሻጩ ቁጥሩን እያሳዩ «ይኸው የአውሮፓ» ሲሉን እኛ ራሳችንን ነቀነቅን፤ ቁጥሩ ግን መሪው በግራ መሆኑን ከመናገር ያለፈ ትርጉም አልነበረውም።

መኪናው የት እንደተላከ በእርግጠኝነት የሚናገረው የፋብሪካው መዝገብ ነው። መዝገቡን የሚጠብቀው በእንግሊዝ አገር በጌይደን የሚገኘው የጃጓር ዳይምለር ቅርስ ተቋም ሲሆን፣ በክፍያ የምርት መዝገብ ሰርተፊኬት ይሰጣል። በሰርተፊኬቱ ላይ የሻንሲ፣ የሞተር፣ የቦዲና የካምቢዮ ቁጥሮች፣ የመጀመሪያው ቀለም፣ የተሠራበት ቀንና መኪናው የተላከለት አከፋፋይ ተጽፈው ይወጣሉ። ማመልከቻው የባለቤትነት ማስረጃ ስለሚጠይቅ ገዢ ገና ሳይገዛ በራሱ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ሻጩ እንዲያወጡት መጠየቅ ያለባችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ነው፤ እኛ የጠየቅነው ከከፈልን በኋላ ነው።

ሰርተፊኬቱ ሲመጣ በወረቀቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በብረቱ ላይ ካሉት ጋር አመሳክሩ። የሞተሩ ቁጥር ከዘይት ፊልትሮው በላይ በሞኖብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ላይ፣ እንዲሁም ከሞኖብሎኩ በላይ በሚታሰረው በቴስታታው የፊት ጫፍ ላይ ተቀርጿል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ቴስታታው ከሌላ ሞተር የመጣ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው 8 ወይም 9 የሞተሩን የግፊት መጠን ያመለክታል። የሻንሲው ቁጥር በፊተኛው ፍሬም በቀኝ በኩል ከሾክ አብዞርበሩ ማያያዣ በላይ ይገኛል፣ ያ ፍሬም ግን በቡሎን የሚታሰር ስለሆነ በግጭት ጊዜ ሊቀየርና ቁጥሩ እንደገና ሊመታ ይችላል። የፊደሎቹ ቅርጽ የተዛነፈ ወይም ዙሪያው በሞላ የተፋቀ ከሆነ ጠንቃቃ ባለሙያ ሳያየው አትፈርሙ።

ስለ ውሉም አንድ ነገር ላክል። ሻጩ ግለሰብ ስለሆኑ የተፈራረምነው ውል መኪናው «እንደታየው» መሸጡንና ዋስትና አለመኖሩን የሚገልጽ ነበር። የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 444 ጉድለትን በማታለል የደበቀ ወይም የመኪናውን ባሕርይ በዋስትና ያረጋገጠ ሻጭ ከዚህ ዓይነቱ አንቀጽ ጀርባ መሸሸግ እንደማይችል ይደነግጋል፤ ነገር ግን ማረጋገጫው መሰጠቱን ማስረዳት የገዢው ሸክም ነው። በእኛ ውል ላይ የተጻፈው «ጃጓር ኢ-ታይፕ፣ 1969» የሚል ብቻ ነበር፤ «ለአውሮፓ የተሠራ» የሚለው የነበረው በማስታወቂያው ላይ ነው፣ ማስታወቂያው ደግሞ ከተነሣ ቆይቷል፣ እኛም ቅጂውን አላስቀረንም። ጠበቃው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ባያችሁበት ቀን ቅጂውን አስቀምጡ፤ በውሉም ላይ «መኪናው ከፋብሪካ ለአውሮፓ ገበያ የተላከ መሆኑን፣ ካርቡረተሮቹም ከፋብሪካ የተገጠሙ ሦስት ኤስ ዩ መሆናቸውን ሻጩ ያረጋግጣሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር በግልጽ እንዲገባ ጠይቁ። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ወይም ሰርተፊኬቱን ለማውጣት ካመነቱ፣ መኪናውን ከወደዳችሁት መግዛት ትችላላችሁ፣ ዋጋውን ግን ከአሜሪካ ተመልሶ እንደተለወጠ መኪና ቆጥራችሁ ተነጋገሩ። የእኛ መኪና አሁንም ጋራዥ ውስጥ ቆሟል፤ ሦስተኛውን ካርቡረተር ለውጠን ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ መንቀጥቀጡን ትቷል፣ የምንሸጠው ከሆነም በማስታወቂያው የመጀመሪያ መስመር ላይ ኒው ዮርክ ተብሎ ይጻፋል።